ክፍልፋይ አርቢን ወደ ራዲካል መቀየር፦ ዘሩ ከታች ነው

አዳማ ውስጥ እስከ 8ኛ ክፍል በአማርኛ የተማረ ልጅ ዳግም ዘርንና ሣልስ ዘርን ያውቃል፤ የ64 ሣልስ ዘር 4 መሆኑን ሳያመነታ ይናገራል። በአፋን ኦሮሞ የተማረውም እንዲሁ። 9ኛ ክፍል ሲገቡ ግን መጽሐፉ እንግሊዝኛ ይሆናል፤ የቁጥሮች ሥርዓት ምዕራፍ ላይ «ራሽናል ኤክስፖነንት» (ክፍልፋይ አርቢ)፣ «ራዲካል» (በ√ ምልክት የተጻፈ ዘር)፣ «ኢንዴክስ» የሚሉ ቃላት ተደርድረው ይጠብቋቸዋል። ያኔ የሚያውቁት ነገር እንግዳ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን ያው ዘርና ርቢ ነው፤ ሁለቱ አንድ ክፍልፋይ ውስጥ ተቀመጡ እንጂ ሌላ አልተጨመረም።

የሚያዘው ነገር ይህ ነው፦ ዘር የሚቀበረው ከታች፣ አፈር ውስጥ ነው። በክፍልፋይ አርቢም ታህቱ የዘሩን ዓይነት ይናገራል። ከላይ ያለው ላዕል ደግሞ የተለመደውን ርቢ ይናገራል። 8^(2/3) ሲባል ከታች 3 ስላለ ሣልስ ዘር፣ ከላይ 2 ስላለ ዳግም ርቢ። የ8 ሣልስ ዘር 2 ነው፤ የ2 ዳግም ርቢ 4 ነው። አለቀ።

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ^ ምልክት «አርቢው ይህ ነው» ለማለት ገብቷል። ሀ ማንኛውንም ቁጥር ይወክላል፤ ደብተርና ፈተና ላይ በላቲን ፊደል ታገኙታላችሁ። መሠረት የምንለው ክፍል ውስጥ «ቤዝ» የሚባለው፣ ማለትም አርቢው የተቀመጠበት ቁጥር ነው። ኢንዴክስ በራዲካሉ ምልክት አንገት ላይ የምትጻፈዋ ትንሽ ቁጥር ናት፤ ራዲካንድ ከምልክቱ ጣራ ሥር ያለው ነው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ሳያዩ መሸምደድ አይጠቅምም፤ ምክንያቱ ደግሞ ሁለት መስመር አይሞላም። ተመሳሳይ መሠረት ያላቸው ርቢዎች ሲባዙ አርቢዎቹ ይደመራሉ። ስለዚህ 8^(1/3) × 8^(1/3) × 8^(1/3) = 8^(1/3 + 1/3 + 1/3) = 8¹ = 8። ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 8 የሚሰጥ ቁጥር የ8 ሣልስ ዘር ነው፤ ስለዚህ 8^(1/3) ከ∛8 ሌላ ሊሆን አይችልም። √ ምልክቱ በ1525 በጀርመናዊው ክሪስቶፍ ሩዶልፍ መጽሐፍ ታትሞ የወጣ ነው፤ ክፍልፋይ አርቢን ደግሞ ኒውተን በ1676 በጻፋቸው ደብዳቤዎች ተጠቅሞበታል። ሁለቱም አጻጻፍ እስከ ዛሬ የቆየው ለተለያየ ሥራ ስለሚመች ነው፦ ለማባዛትና ለማካፈል አርቢው ይቀላል፣ መልሱን አሳጥሮ ለማስቀመጥ ራዲካሉ።

መጀመሪያ፦ አርቢው የተቀመጠው ማን ላይ ነው?

አብዛኛው ስህተት የሚወጣው ከዚህ ስለሆነ አትቸኩሉ። አርቢ የሚይዘው ወዲያው በግራው ያለውን አንድ ነገር ብቻ ነው። ቅንፍ ካለ ቅንፉ ውስጥ ያለውን በሙሉ ይይዛል።

5ሀ^(1/2) ማለት 5√ሀ ነው፤ 5ቱ ከጣራው ውጭ ይቀራል። (5ሀ)^(1/2) ማለት √(5ሀ) ነው፤ 5ቱም ገብቷል። ልዩነቱን በቁጥር እዩት፦ ሀ = 4 ሲሆን የመጀመሪያው 5 × 2 = 10 ነው፤ ሁለተኛው √20፣ ማለትም 4.47 ገደማ ነው።

የመቀነስ ምልክትም እንዲሁ። −16^(1/2) ሲባል አርቢው የያዘው 16ን ብቻ ነው፤ መልሱ −4። (−16)^(1/2) ሲባል ግን የአሉታዊ ቁጥር ዳግም ዘር ተጠየቀ፤ በራሱ ተባዝቶ −16 የሚሆን ገሃዳዊ ቁጥር የለም፤ ሲባዛ ሁልጊዜ አዎንታዊ ወይም ዜሮ ነው የሚወጣው።

የእጅ ጽሑፍም የራሱ ጣጣ አለው። ክፍልፋዩ ትንሽ ወደ ታች ሲንሸራተት 8^(2/3) የነበረው 8⅔ ይመስላል፣ ማለትም ስምንት ከሁለት ሦስተኛ። የመጀመሪያው 4 ነው፤ ሁለተኛው 8.67 ገደማ ነው። ተማሪው ራሱ የጻፈውን ራሱ ቀጣዩ መስመር ላይ ሲያነበው ይሳሳታል። ባለመስመር ደብተር ላይ ለእያንዳንዱ ስሌት ሁለት መስመር ስጡት፦ መሠረቱ በታችኛው፣ አርቢው በላይኛው። የክፍልፋዩ ሰረዝ ከ8ቱ አናት በላይ ይሁን፤ ታህቱም ከ8ቱ ወገብ በታች አይውረድ። ራዲካል ስትጽፉ ደግሞ ጣራውን ራዲካንዱ እስካለቀበት ድረስ ጎትቱትና እዚያው አቁሙት። ኢንዴክሷን ከምልክቱ አንገት ላይ አስቀምጧት፤ ከፊቱ ብትወርድ ∛8 የነበረው 3√8 ይሆናል። አንዱ 2፣ ሌላው 8.49 ገደማ።

ሁለተኛ፦ አርቢውን አጽዱ

በነጥብ የተጻፈ አርቢ በዚያ መልኩ ወደ ራዲካል አይሄድም። 0.5ን 1/2፣ 0.75ን 3/4፣ 0.4ን 2/5፣ 1.5ን 3/2 አድርጉት። ድብልቅ ቁጥር ከሆነ፣ ለምሳሌ 2⅓፣ 7/3 በሉት። ከዚያ ክፍልፋዩን አቃሉት፤ 4/6 ወደ 2/3 ይወርዳል። ሳይቃለል ቢቀጥል ስድስተኛ ዘር ፍለጋ ትገባላችሁ፤ ሣልስ ዘር ይበቃ ነበር።

ማቃለሉ ሥራ ለማሳነስ ብቻ አይደለም። መሠረቱ አሉታዊ ሲሆን መልሱን ያዛባል። (−8)^(2/6) ተቃሎ (−8)^(1/3) ሲሆን −2 ነው። ሳይቃለል መጀመሪያ ዳግም ርቢ ተወስዶ ⁶√64 ቢባል +2 ይወጣል። አንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ሊኖረው ስለማይገባ መጀመሪያ አቃልሉ፤ ደንቡ የሚሠራው በተቃለለ ክፍልፋይ ነው።

ሦስተኛ፦ አሉታዊ አርቢ ካለ ገልብጡ

16^(−3/4) አሉታዊ ቁጥር አይደለም። አርቢው ላይ ያለ የመቀነስ ምልክት «ገልብጥ» ነው የሚለው፦ 1/16^(3/4)። የ16 አራተኛ ዘር 2፣ የ2 ሣልስ ርቢ 8፤ መልሱ 1/8። መሠረቱ ራሱ ክፍልፋይ ከሆነ ነገሩ ይበልጥ ይቀላል፦ (8/27)^(−2/3) ወዲያው (27/8)^(2/3) ይሆናል፤ ሣልስ ዘሩ 3/2፣ ዳግም ርቢው 9/4።

አራተኛ፦ ታህቱን ኢንዴክስ አድርጉ፣ ላዕሉን ርቢ

ሀ^(3/5) ወደ ⁵√(ሀ³) ይቀየራል። ሀ^(1/2) ደግሞ √ሀ ብቻ ነው፤ ኢንዴክሱ 2 ሲሆን አይጻፍም። ይህች ያልተጻፈች 2 ናት √(ሀ³)ን ወደ አርቢ ሲመልሱ ብዙዎችን የምታስተው፤ ሀ³ ብለው ይተዉታል፤ ትክክሉ ሀ^(3/2) ነው።

ላዕሉ ከጣራው ሥርም ሆነ ከራዲካሉ ውጭ ሊቀመጥ ይችላል፤ ዘሩ እስካለ ድረስ ⁵√(ሀ³) እና (⁵√ሀ)³ እኩል ናቸው። ግን የትኛውን መቼ እንደምትጠቀሙ እወቁ። መሠረቱ ቁጥር ከሆነ ዘሩን አስቀድሙ። 32^(4/5)ን ውሰዱ፦ የ32 አምስተኛ ዘር 2፣ የ2 አራተኛ ርቢ 16፤ በቃል ያልቃል። ርቢውን ያስቀደመ ተማሪ 32⁴ = 1,048,576 ጋ ይደርስና የዚህን አምስተኛ ዘር ፈልግ ይባላል። መልሱ ያው 16 ነው፤ ካልኩሌተር በማይፈቀድበት ፈተና ላይ ግን እዚያ አይደርስም። መሠረቱ ፊደል ከሆነ ላዕሉን ከጣራው ሥር አስገቡት፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ማሳጠር ይመቻል።

ዘሩን በፍጥነት ለማየት ጥቂት ቁጥሮች በቃል መያዝ አለባቸው። ሣልስ ርቢዎች፦ 8፣ 27፣ 64፣ 125፣ 216፣ 343፣ 512፣ 729፣ 1000። አራተኛ ርቢዎች፦ 16፣ 81፣ 256፣ 625። አምስተኛ ርቢዎች፦ 32፣ 243፣ 1024፣ 3125። የማታውቁት ሲገጥማችሁ በትንሹ ብቸኛ ቁጥር ደጋግማችሁ አካፍሉ፦ 243 ለ3 ሲካፈል 81፣ ከዚያ 27፣ 9፣ 3፣ 1። አምስት ጊዜ በ3 ተካፈለ፤ ስለዚህ 243 = 3⁵።

አምስተኛ፦ ሊወጣ የሚችለውን ከጣራው ሥር አውጡ

ሀ^(7/3) ወደ ∛(ሀ⁷) ተቀየረ፤ ግን አላለቀም። 7ን ለ3 አካፍሉ፤ 2 ደርሶ 1 ይተርፋል። የደረሰው ወደ ውጭ ይወጣል፣ የተረፈው ከጣራው ሥር ይቀራል፦ ሀ²∛ሀ። ይህ አሠራር በቁጥርም ይሠራል። 16^(2/3) ሲሰጣችሁ 16 ሣልስ ዘሩ ድፍን ስላልሆነ ብዙዎች ያቆማሉ። 16ን 2⁴ አድርጉት፤ (2⁴)^(2/3) = 2^(8/3)። 8 ለ3፣ 2 ደርሶ 2 ይተርፋል፦ 2²∛(2²) = 4∛4። ግምቱም ይስማማል፤ 4 × 1.587 ማለት 6.35 ገደማ ነው።

ታህት ላይ ራዲካል እንዳይቀር የሚጠይቅ ጥያቄም አለ። 5^(−1/2) = 1/√5 ነው፤ ላዕልና ታህቱን በ√5 ስታባዙ √5/5 ይሆናል። ሣልስ ዘር ላይ ግን ይህ ልማድ ይጎዳል። 2^(−1/3) = 1/∛2 ሲሆን በ∛2 ብታባዙ ታህቱ ∛4 ይሆናል እንጂ ራዲካሉ አይጠፋም። ታህቱ 2^(1/3) ነው፤ 2¹ ለመሆን 2/3 ይጎድለዋል። የጎደለውን ስጡት፦ በ2^(2/3)፣ ማለትም በ∛4 አባዙ። መልሱ ∛4/2።

ታህቶቹ የተለያዩ ሲሆኑ

√2 × ∛3 በአንድ ራዲካል ጻፉ ቢባል፣ ሁለቱን ራዲካሎች ዝም ብሎ √6 ወይም ∛6 ማድረግ ስህተት ነው። ወደ አርቢ መልሷቸው፦ 2^(1/2) × 3^(1/3)። የጋራ ታህቱ 6 ነው፦ 2^(3/6) × 3^(2/6) = ⁶√(8 × 9) = ⁶√72።

መደመር ላይ ግን ዘር አይከፋፈልም። (9 + 16)^(1/2) ማለት √25፣ ማለትም 5 ነው። 3 + 4 = 7 ብሎ የጻፈ ተማሪ የማባዛትን ደንብ መደመር ላይ ጭኖታል።

ተጋማሽ ዘርና ጎደሎ ዘር

ታህቱ ተጋማሽ ከሆነ (2፣ 4፣ 6…) ከጣራው ሥር አሉታዊ ቁጥር አይገባም፣ መልሱም አሉታዊ አይሆንም። √9 = 3 ነው፤ ±3 አይደለም። «በራሱ ሲባዛ 9 የሚሆነው ቁጥር ማን ነው?» ተብሎ እኩልታ ሲሰጥ ነው 3ም −3ም የሚመለሰው፤ √ ምልክቱ ግን አዎንታዊውን ብቻ ነው የሚጠራው። ከዚህ የተነሳ (ሀ²)^(1/2) ሀ አይደለም፤ |ሀ|፣ የሀ ፍጹም ዋጋ ነው። ሀ = −5 ብላችሁ ፈትኑት፦ ዳግም ርቢው 25፣ √25 = 5፤ −5 አልተመለሰም። ጥያቄው «ሀ ከዜሮ አያንስም» ካለ ፍጹም ዋጋው አያስፈልግም፤ ስለዚህ ያቺን ሐረግ ሳታነቡ አትለፉ።

ታህቱ ጎደሎ ከሆነ (3፣ 5፣ 7…) አሉታዊም ይገባል፦ (−27)^(1/3) = −3።

ካልኩሌተርና ስልክ

በጣም የተለመደው ስህተት ቅንፍ መርሳት ነው። 8^2/3 ብላችሁ ከጻፋችሁ መሣሪያው 8ን ዳግም አርብቶ 64ን ለ3 ያካፍላል፤ 21.33 ያወጣል። 8^(2/3) በሉት። የአርቢ ቁልፍ በሌለው ተራ ካልኩሌተር አራተኛ ዘር ለማግኘት √ን ሁለት ጊዜ ተጫኑ፤ ስምንተኛ ዘር ሦስት ጊዜ። አንዳንድ ካልኩሌተሮች (−8)^(1/3) ላይ ስህተት የሚል ጽሑፍ ያሳያሉ፤ በሎጋሪዝም ስለሚያሰሉና አሉታዊ ቁጥር ገሃዳዊ ሎጋሪዝም ስለሌለው ነው። 8^(1/3) አስሉና የመቀነስ ምልክቱን እናንተ ጨምሩ፤ ይህ የሚሠራው ላዕልና ታህቱ ሁለቱም ጎደሎ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ይህ ስሌት አዳማ ዙሪያ የት አለ?

ከከተማው ወጣ ሲሉ ኮረብታው ላይ የቆሙትን የነፋስ ተርባይኖች አስቡ። የመጀመሪያው ምዕራፍ 34 ተርባይን አለው፤ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋ ዋት፣ በድምሩ 51 ሜጋ ዋት። ምሰሷቸው ለምን ያን ያህል ይረዝማል? ነፋስ ከመሬት ከፍ ባለ ቁጥር ይፈጥናል፤ መሐንዲሶች ለገላጣና ሜዳማ ቦታ የሚጠቀሙበት የግምት ቀመር የፍጥነቱ ብዜት = (የከፍታው ብዜት)^(1/7) ይላል። ወደ ራዲካል ሲቀየር ሰባተኛ ዘር ነው። ከ10 ሜትር ወደ 70 ሜትር ሲወጣ ⁷√7፣ 1.32 ገደማ፤ በሰከንድ 6 ሜትር የነበረው 7.9 ይሆናል። ነፋስ የሚሰጠው ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ሣልስ ርቢ ስለሚያድግ የኃይሉ ብዜት 7^(3/7) ነው፤ 2.3 እጥፍ ገደማ። ከታች 7 ዘሩ፣ ከላይ 3 ርቢው፤ እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ ይታያል። ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ ግን ከፍታው 128 እጥፍ መሆን አለበት፣ ⁷√128 = 2 ነውና። (ኮረብታ ላይ አርቢው ከ1/7 ስለሚለይ በቦታው ተለክቶ ይወሰናል።)

በሌላ በኩል ወንጂ ውረዱ። ከአዋሽ መጥቶ ሸንኮራውን የሚያጠጣ ውሃ በቦይ ሲሄድ ፍጥነቱን ለመገመት የማኒንግ ቀመር ይሠራል፦ ፍጥነት = ር^(2/3) × ተ^(1/2) ÷ ሸ። ር የውሃው ቁርጥ ስፋት ለረጠበው የቦዩ ዙሪያ ሲካፈል የሚገኘው፣ በሜትር ነው፤ ተ ተዳፋቱ፤ ሸ የቦዩ ሸካራነት። ለምሳሌ ር 0.343 ሜትር፣ ተ 0.0004 (በ1 ኪሎ ሜትር 40 ሴንቲ ሜትር መውረድ)፣ ለአፈር ቦይ ሸ 0.025 ይሁን። የ0.343 ሣልስ ዘር 0.7፣ ዳግም ርቢው 0.49። √0.0004 = 0.02። 0.49 × 0.02 ÷ 0.025 = 0.392፤ ውሃው በሰከንድ 39 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል። 2/3ን ገልብጦ 3/2 ያደረገ ሰው 0.16 ያገኛል፤ ከግማሽ በታች ማለት ነው።

ራሳችሁን ፈትኑ

መልሱን ሸፍናችሁ ሥሩ፤ የተሳሳተ መልስ ካገኛችሁ የቱ ደረጃ ላይ እንደወደቃችሁ ይነግራችኋል።

64^(5/6) → 32። 53.3 ካገኛችሁ 64ን በ5/6 አባዝታችኋል፤ አርቢ ግን ማባዣ አይደለም።

81^(−3/4) → 1/27። −27 ካገኛችሁ ሦስተኛውን ደረጃ ተመለሱበት።

(16ሀ⁸)^(3/4) → 8ሀ⁶። 16ሀ⁶ የጻፈ 16ቱ ቅንፍ ውስጥ መሆኑን አላየም።

3ሀ^(5/2)፣ ሀ ከዜሮ ሳያንስ → 3ሀ²√ሀ። 9ሀ²√(3ሀ) ካላችሁ ተቃራኒውን ሠርታችኋል፤ የሌለ ቅንፍ ጨምራችኋል።

(−27)^(2/3) → 9። −9 ካገኛችሁ የመቀነስ ምልክቱን ከቅንፉ አውጥታችኋል።

2^(1/2) × 2^(1/3) → ⁶√32። ⁶√2 የጻፈ አርቢዎቹን አባዝቷል፤ መደመር ነበረባቸው፦ 1/2 + 1/3 = 5/6፣ 2⁵ = 32፣ ከታች ያለው 6 ዘሩ።